ከጋምቤላ ጎዴ በአየር፦ ስለ ርቀትና ሰዓት የሚያሳስቱ ግምቶች

ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባሉ የትኬት ቢሮዎች ስለ ጋምቤላ–ጎዴ የሚጠይቅ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ አንድ ቁጥር ይዞ ይመጣል፦ 1,025 ኪሎ ሜትር። ቁጥሩ ልክ ነው። የሚያሳስተው ከቁጥሩ የሚወጣው ግምት ነው።

«ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እደርሳለሁ።»
ስልኩ ርቀቱን ለጄት ፍጥነት አካፍሎ ነው እንዲህ የሚለው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ ይኑር አይኑር አያውቅም። የተለመደው መንገድ በቦሌ በኩል ነው።

«እንግዲያው በአዲስ አበባ መዞሩ ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል።»
አያደርገውም። ከጋምቤላ ቦሌ 475 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቦሌ ጎዴ 625 ገደማ ነው፤ ሲደመር 1,100። ጭማሪው 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ለአውሮፕላን 10 ደቂቃ እንኳ የማይሞላ። ቀኑን የሚበላው ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ጊዜ ነው። በዚያ ቀን የጎዴ በረራ ከሌለ፣ ወይም የጋምቤላው ሳይደርስ ከተነሳ፣ አዳር ግድ ይሆናል። ስለዚህ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የበረራውን ቀን ይጠይቁ። ሁለቱንም ጉዞ በአንድ ትኬት ማስቆረጥ አጥብቀን የምንመክረው ነገር ነው፤ ለየብቻ ከተቆረጠ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው ሊቃጠል ይችላል፣ ሻንጣንም ቦሌ ላይ ተረክቦ እንደገና ማስመዘን ይመጣል።

«የሚረዝመው አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለር ስለሆነ ነው።»
በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ኪው 400 እስከ 667 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጓዛል። በ600 እናስላው፦ 475 ኪሎ ሜትር 48 ደቂቃ ይፈጃል። በ800 የሚበር ጄት ደግሞ 36 ደቂቃ። ልዩነቱ 12 ደቂቃ ነው፤ ያውም ጄቱ በአጭር መንገድ ሙሉ ፍጥነቱን የሚይዘው ለጥቂት ጊዜ ነው። ለመንደርደር፣ ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ 25 ደቂቃ ይጨምሩ፦ ጋምቤላ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ጎዴ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣል። ትኬት ላይ ያለው ጊዜም አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም የሚቆጠር ነው።

«ማይል ያው ማይል ነው።»
በአቪዬሽን የሚሠራበት ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ የመኪናው ማይል 1.609። የጋምቤላ–ጎዴን 553 ኖቲካል ማይል በመኪናው ማይል ያሰላ ሰው 890 ኪሎ ሜትር ያገኛል፤ 135 ኪሎ ሜትር ጎደለው ማለት ነው።

«ዓርብ 00:30 ማለት ዓርብ ሌሊት ነው።»
ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው፣ በተለይ ከክልል መጥቶ ወደ ውጭ የሚቀጥለው። በትኬቱ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ 07:00 የጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13:00 ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ዓርብ 00:30 ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለመድረስ ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ መገኘት ያስፈልጋል።