«ኖ ኪል» ምንድን ነው? ማንንም ሳይገድሉ የስቴልዝ ጌም ስለመጨረስ

ሚሽኑ አለቀ፣ ጀልባው ላይ ተሳፍሬ ወጣሁ፣ ስክሪኑ ሒሳቡን ዘረዘረልኝ። ያየኝ የለም። የተገኘ ሬሳ የለም። የገደልኩት ጠላት፦ 1።

አንድ? ማንን? ሰይፍ አልሰነዘርኩ፣ ጥይት አልተኮስኩ። ቀደም ሲል ሴቭ ካደረግኩበት ተመልሼ መንገዴን ስከተል ጉዱ ወጣ። አንዱን ዘብ ከኋላው መጥቼ አንገቱን አንቄ ራሱን አስቼው ነበር። ጓደኞቹ እንዳያገኙት ብዬ ጎትቼ ጨለማ ጥግ ላይ አጋደምኩት። ጥጉ ለካ የአይጦች መመላለሻ ኖሯል። እኔ ጣሪያው ላይ ስወጣ እነሱ ተሰብስበው ጠርገው በሉት። ጌሙ ደግሞ «አይጥ ነው የበላው» ብሎ አያልፍም። አንቀህ ያጋደምከው አንተ ነህና ነፍሱ በአንተ ስም ይጻፋል።

ጌሙ ዲስኦነርድ ይባላል፤ አርኬን ስቱዲዮስ የሠራው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። እኔ እሞክረው የነበረው ደግሞ ተጫዋቾች «ኖ ኪል» ወይም «ፓሲፊስት ራን» የሚሉትን ነው። ትርጉሙ አጭር ነው፦ ጌሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሰው ሳይገድሉ መጨረስ። መደበቅ፣ ማዘናጋት፣ ኪስ ማውለቅ፣ ማስተኛት ይፈቀዳል፤ መግደል አይፈቀድም። የሚያወዛግበው «መግደል» የሚለው ቃል ነው። የቃሉ ተርጓሚ ራሱ ጌሙ ነው፤ እያንዳንዱ ጌም ደግሞ የራሱ መዝገብ አለው።

ነገሩ የሚያምረው በስቴልዝ፣ ማለትም ተደብቀህ በምትጫወተው ጌም ላይ ነው። በተለመደው የተኩስ ጌም ጠላት የተቀመጠው እንዲመታ ነው፤ ካልመታኸው ወደፊት አትሄድም። በስቴልዝ ግን ጠላት ማለት የሚያይ ዓይንና የሚሰማ ጆሮ ነው። ሥራህ ከዓይኑ መሰወርና ኮቴህን ማጥፋት ስለሆነ፣ ሳይነኩት ማለፍ የጌሙ አንዱ መንገድ ሆኖ ከጅምሩ ተቀምጧል።

ይህን በጽሑፍ ሕግ ካደረጉት ቀደምት ጌሞች አንዱ ሉኪንግ ግላስ ስቱዲዮስ በ1998 ያወጣው «ቲፍ፦ ዘ ዳርክ ፕሮጀክት» ነው። ጋሬት የሚባል ሌባ ሆነህ የባለጠጎችን ቤት ታራቁታለህ። ከስክሪኑ ግርጌ ያለች አንዲት እንቁ ብርሃን ላይ ስትቆም ትበራለች፣ ጨለማ ውስጥ ስትገባ ትደበዝዛለች። ምንጣፍ ላይ ስትራመድ ኮሽታ የለም፤ የሸክላ ንጣፍ ወይም ብረት ስትረግጥ ዘቡ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ችቦውን በውሃ ቀስት ታጠፋለህ። ሦስት የክብደት ደረጃዎች አሉት፤ «ኤክስፐርት» የሚለውን ስትመርጥ በሚሽኑ ግዴታዎች ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፦ ሰው እንዳትገድል። አንድ ሰው ከሞተ ሚሽኑ ከሸፈ ማለት ነው። ከመቃብር የተነሡ ሙታንና ጭራቆች አይቆጠሩም።

ልብ ላለው ሰው፣ ጌሙ የሰጠው ምክንያት ጽድቅ አይደለም። ባለሙያ ነህ፣ ባለሙያ ደግሞ በሥራው ላይ ሰው አይገድልም፤ በቃ። ለእኔ የኖ ኪል ነፍስ እዚህች ላይ ናት። አብዛኛው ሰው ስሙን ሲሰማ የምሕረት ነገር ይመስለዋል። የእጅ ሥራ ኩራት ነው እንጂ! ጎበዝ ልብስ ሰፊ ስፌቱ ከውጭ ሲታይ እንደሚያፍረው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ። «ኖ ኪል» እና «ጎስት» አንድ አይደሉም። ጎስት ማለት እንደ መንፈስ ማንም ሳያይህ ማለፍ ነው። በዲስኦነርድ ሁለቱ የተለያየ ሽልማት አላቸው። አንደኛው ጌሙን ማንንም ሳትገድል ከጨረስክ ይሰጥሃል፤ ዘቦቹ ቢያዩህ፣ ቢያባርሩህ፣ ደወል ቢደውሉብህ ግድ የለውም፣ ሮጠህ አምልጥ። ሁለተኛው እንዳትታይ ይጠይቅሃል፣ ነገር ግን የተላክባቸውን ዋና ዋና ሰዎች ብትገድላቸው አይቆጥርብህም። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚይዝ አለ፤ ከእሱም የባሰ አለ። አንዳንድ የቲፍ ተጫዋቾች ማንንም ራስ አለማሳትን ሳይቀር በራሳቸው ላይ ሕግ አድርገው ይጫወታሉ።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። በዲስኦነርድ የተኛ ሰው እንደ ሕፃን አደራ ነው። ውሃ ውስጥ ከጣልከው ሰጥሞ ይሞታል። ጣሪያ ጠርዝ ላይ ቆሞ የእንቅልፍ ቀስት ብትወጋው ይወድቅና ይሞታል። አይጡን አይተናል። ስለዚህ የለመደ ተጫዋች ዘቡን ካስተኛ በኋላ ተሸክሞት ጠረጴዛ ላይ ወይም የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ያስተኛዋል፤ አይጥ እዚያ አይደርስም። በከተማው አይጦቹ ያመጡት ወረርሽኝ የጠናባቸው፣ ከዓይናቸው ደም የሚፈስ «ዊፐር» የሚባሉ በሽተኞች አሉ። ሲያዩህ እየተንገዳገዱ ይመጡብሃል፣ መልካቸው ሬሳ ነው፣ እጅህም ወደ ሰይፍ ይሄዳል። እነሱም ሰው ናቸው፤ ይቆጠራሉ። በእያንዳንዱ ሚሽን መጨረሻ ቁጥሩን አይቶ ማረጋገጥ የሚባለው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያዋን ስህተት መጨረሻ ላይ ብታገኛት የሃያ ሰዓት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የጌሙ ጀግና ኮርቮ አታኖ የእቴጌይቱ ጠባቂ ነበር። እቴጌይቱ ተገደለች፣ ወንጀሉ በእሱ ላይ ተላከከ፣ ከእስር አምልጦ ያሴሩትን አንድ በአንድ ያሳድዳል። ለእያንዳንዳቸው ሳይገደሉ የሚወገዱበት ሌላ መንገድ አለ። መንገዶቹን እስቲ እንያቸው።

የሃይማኖት ሹሙ ካምቤል ፊቱ ላይ የመናፍቅ ምልክት በጋለ ብረት ይተኮሳል። ያ ምልክት ያለበትን ሰው ማስጠለልም ማብላትም ክልክል ነው። ከጥቂት ሚሽኖች በኋላ በውሃ በተጥለቀለቀው ሰፈር ስታልፍ ታገኘዋለህ፤ ዊፐር ሆኗል። መንታዎቹ የፔንድልተን ወንድማማቾች ፀጉራቸው ተላጭቶ፣ ምላሳቸው ተቆርጦ፣ ራሳቸው በባርነት በሚያሠሩበት የማዕድን ጉድጓድ ይወረወራሉ፤ ይህን የሚያደርግልህ የከተማው የወሮበሎች አለቃ ነው። ጭምብል በተለበሰበት ድግስ ላይ የምትፈለገው ሌዲ ቦይል ደግሞ ራሷን ስታ ምድር ቤት ውስጥ ለቆመ አንድ «አፍቃሪዋ» ትሰጣለች። ሰውየው በጀልባ ይወስዳታል፣ ዳግመኛ አትታይም ብሎ ቃል ይገባልሃል። እኔ ይህን ክፍል ስጫወት እጄ ቀፎኝ ነበር። ሰይፉ ይሻላት አልነበር? ጌሙ ግን 0 ብሎ ይመዘግብልሃል፣ እጅህ ንጹሕ ነው ይልሃል።

ከሁሉም የምወደው የአልጋ ወራሿን ሥልጣን ነጥቆ እንደራሴ የሆነው ሂራም በሮውስ የሚወድቅበት ነው። አይጦቹን ወደ ከተማው ያስገባው ድሆችን ለማጥፋት እንደነበር በገዛ ድምፁ ቀርጾ አስቀምጧል። ካዝናውን ትከፍታለህ፣ ቅጂውን ለማሰራጫ ክፍሉ ትሰጣለህ፣ ኑዛዜው በከተማው ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። የራሱ ወታደሮች ሰምተው ያስሩታል። አንድም ክንድ ሳይነሣ። እንዲህ ያለውን ቢያበዙት ኖሮ!

ጌሙ ለግድያ ብዛትህ ዋጋ ያስከፍላል፤ «ኬኦስ» ይሉታል። ብዙ ከገደልክ ከተማው አይጥና ዊፐር ይበዛበታል፣ የትንሿ ልዕልት የኤሚሊ ሥዕሎች ይጨልማሉ፣ የመጨረሻው ሚሽን ድባብም መጨረሻውም ይከፋል። በጀልባ የሚያመላልስህ ሽማግሌው ሳሙኤል ሳይቀር እጅህ በደም ከጨቀየ በመጨረሻው ቀን ይጸየፍህና፣ ጥሎህ ሲሄድ መምጣትህን ጠላቶችህ እንዲያውቁ ሽጉጡን ወደ ሰማይ ይተኩሳል። እንዲህ ያለ ፍርድ በሌላ ጌም አላየሁም። የሚነቀፍበትም አለ፦ ወጥመዱ፣ ቦምቡ፣ አይጥ የሚያዘንበው አስማት፣ ሁሉም የግድያ መሣሪያ ነው፤ ላለመግደል የመረጠ ሰው የሚቀረው ማነቅና የእንቅልፍ ቀስት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። በ2016 የወጣው ዲስኦነርድ 2 ይህንን ሰምቶ ማስተኛ መንገዶችን አበዛ።

ጌሙ ራሱ ሕጉን የሚያፈርስበት ጊዜም አለ። በ2011 የወጣው «ዴውስ ኤክስ፦ ሂውማን ሬቮሉሽን» የፓሲፊስት ሽልማት ነበረው፤ ቦሶቹን፣ ማለትም ዋና ዋናዎቹን ጠላቶች፣ ግን መግደል ግዴታ ነው። ልምዱን ሁሉ በር በመክፈትና ኮምፒውተር በመጥለፍ ላይ ያዋለ ተጫዋች ድንገት መትረየስ ከያዘ ግንብ ከሚያህል ሰው ጋር አንድ ክፍል ይዘጋበታል። የቦሶቹን ፍልሚያ ሌላ ስቱዲዮ እንደሠራው በኋላ ታወቀ። ሽልማቱ ቦሶቹን አይቆጥርም፤ በ2013 የተሻሻለው ቅጂም ክፍሎቹን አሰፋ፣ ለጠላፊው ሌላ ዘዴ ሰጠው። ቦሶቹ ግን መሞታቸው አልቀረም።

ሰው ለምን በዚህ ሁሉ ይደክማል? ክብደቱ አንድ ነገር ነው። የሞተ ዘብ የተዘጋ ፋይል ነው፤ በሕይወት ያለ ዘብ ግን ስትገባም ስትወጣም ይጠብቅሃል። እኔን የሚይዘኝ ሌላው ነው፦ መስማት። ጠረጴዛ ሥር ተጠቅልለህ ዞሮ እስኪሄድ ስትጠብቅ የዘቦቹን ወሬ ትሰማለህ። ዛሬ ማታ ለውስኪና ለሲጋራ እንገናኝ ወይ ይባባላሉ፣ አለቃቸውን ያማሉ፣ ወረርሽኙን ይፈራሉ። የሚተኩስ ሰው ይህን ሁሉ አይሰማም፤ ቶሎ ይጨርሳቸዋላ። (ሰፈር ጌም ቤት ውስጥ፣ በሰዓት እየከፈሉ፣ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ከኋላ እየተቁነጠነጠ «ምታው እንጂ!» እያለ ግን ኖ ኪል አይሞከርም። እኔ ሞክሬያለሁ።)

ስለ ምሕረት በእውነት የጠየቀኝ ጌም ሌላ ነው፤ ከዲስኦነርድ ስምንት ዓመት ይቀድማል። «ሜታል ጊር ሶሊድ 3፦ ስኔክ ኢተር» በ2004 ሂዲዮ ኮጂማ ለኮናሚ የሠራው ነው፤ በ1964 በሶቪየት ጫካ ውስጥ ይካሄዳል። ጀግናው ስኔክ ማደንዘዣ የሚተኩስ ሽጉጥ አለው። ጭንቅላት ላይ ካገኘኸው ወታደሩ ወዲያው ይተኛል፤ ገላው ላይ ካገኘኸው ጊዜ ይወስድበታል፣ እስከዚያ ይጮኽብሃል። ድምፅ ማፈኛው በተኮስክ ቁጥር ያረጃል። የተኛውንም ጓደኛው መጥቶ በእርግጫ ይቀሰቅሰዋል።

መንገድ ላይ ወንዝ አለ። ስኔክ ጉም በሸፈነው ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከፊቱ ዘ ሶሮው የሚባል የሞተ ሰው መንፈስ ይንሳፈፋል፣ ከውሃው ደግሞ እስካሁን የገደልካቸው ወታደሮች ሁሉ እያቃሰቱ ይመጣሉ። አንገቱን ያረድከው አንገቱን ይዞ ይመጣል። ሬሳውን አሞራ በልቶት፣ አንተ ደግሞ አሞራውን አድነህ በልተህ ከሆነ፣ እሱም «በላኸኝ» እያለ ይመጣብሃል። ሁሉን እየፈጀ የመጣ ተጫዋች ወንዙ አያልቅለትም። ማንንም ያልገደለ ግን በባዶ ውሃ ይራመዳል፤ የሚያገኘው በፍልሚያ የወደቁትን ቦሶች ብቻ ነው። እነዚያም በማደንዘዣ ብትረታቸው እንኳ በራሳቸው ፈንድተው ያለቁ ናቸው።

በመጨረሻ ስኔክ ነጭ አበባ በሞላበት ሜዳ ላይ ዘ ቦስ ከምትባል ሴት ጋር ይገጥማል። ሙያውን ሁሉ ያስተማረችው መምህሩ ናት። እሷንም በማደንዘዣ ጥለሃታል እንበል። አበባው ላይ ተጋድማ፣ ጠመንጃው ተደግኖባት፣ ቪዲዮው ሲሄድ ሲሄድ ይቆማል፤ ምላጩ ለአንተ ተትቷል። ቁልፉን የምትጫነው አንተ ነህ። ትጫናለህ፣ አበባው ሁሉ ቀይ ይሆናል። ከዚያ የስም ዝርዝሩ ያልፍና ሒሳቡ ይመጣል። የገደልካቸው፦ 0።