ስፔሻሊቲ ነምበር ምንድን ነው?

የ1940ዎቹን የሆሊውድ ሙዚቃዊ ኮሜዲዎች ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ እየሄደ ሳለ ድንገት አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ እንገባለን። ጥቁር ዘፋኝ ወይም ተወዛዋዥ ብቅ ይላል። ለሦስት አራት ደቂቃ መድረኩን ያናውጠዋል፣ ይጨበጨብለታል። ከዚያ በኋላ ስሙም አይነሳ፣ ፊቱም አይታይ። ከዋናዎቹ ተዋንያን ጋር አንዲት ቃል እንኳ አይለዋወጥም።

ይህ በሙያው ቋንቋ «ስፔሻሊቲ ነምበር» ይባላል። ከታሪኩ ጋር ሳይያያዝ ለብቻው የሚቆም የዘፈን ወይም የውዝዋዜ ትዕይንት ነው። ነጮቹም ይሠሩት ነበር። ጥቁሮቹ ጋ ሲደርስ ግን ስቱዲዮዎቹ ሌላ ነገር አስበውበታል፤ ቢቆረጥ ክፍተቱ አይታወቅም።

ማን ነው የሚቆርጠው? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1915 ፊልም ንግድ ነው፣ የንግግር ነጻነት አይመለከተውም ብሎ ነበር። እስከ 1952 ድረስም ይኸው ውሳኔ ጸና። ስለዚህ ከተሞች የራሳቸው ሳንሱር ነበራቸው። በደቡባዊቷ የአሜሪካ ከተማ በሜምፊስ ሳንሱሩን የሚመራው ሎይድ ቢንፎርድ በ1945 አንድ ኮሜዲ ጨርሶ አግዷል። ምክንያቱ ጥቁሩ ተዋናይ ኤዲ አንደርሰን ከነጮቹ ጋር ከልክ በላይ ተቀራረበ የሚል ነው። ስቱዲዮዎቹ ደግሞ የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች ገበያ ማጣት አልፈለጉም።

የጥቁሯ ዘፋኝ የሊና ሆርን ነገር አንጀት ይበላል። በ1942 ከኤምጂኤም ስቱዲዮ ጋር ስትፈርም የቤት ሠራተኛ ሆና ላለመሥራት ቆርጣ ነበር። አላደረጓትምም። ግን ምን ሰጧት? ያማረ ቀሚስ ለብሳ፣ ዓምድ ተደግፋ መዝፈን፤ በቃ። ጥሩ ሚና ያገኘችው ተዋንያኑ ሁሉ ጥቁር በሆኑባቸው ሁለት የ1943 ፊልሞች ነው። በ1946 የ«ሾው ቦት» የተባለውን ሙዚቃዊ ቲያትር ገጸ ባሕርይ ጁሊን በሌላ ፊልም ውስጥ በአንድ አጭር ትዕይንት ተጫወተች፤ ጁሊ የጥቁር ደም እንዳላት ደብቃ የምትኖር ሴት ናት። በ1951 «ሾው ቦት» ራሱ በሙሉ ፊልም ሆኖ ሲሠራ ግን ሚናው ለነጯ ለኤቫ ጋርድነር ተሰጠ። በፊልሙ ላይ የምንሰማው የዘፈን ድምፅ እንኳ የጋርድነር አይደለም፤ የሌላ ዘፋኝ ነው። ሊና እኮ እዚያው ነበረች!

ጥቁሯ ፒያኒስት ሄዝል ስኮት በበኩሏ ራሷን ሆና ብቻ እንደምትቀርብ በውሏ አስገባች። በ1943 በአንድ ፊልም ላይ ፍቅረኞቻቸውን ወደ ጦር ግንባር የሚሸኙ ጥቁር ሴቶችን ቆሻሻ ሽርጥ ሊያስለብሷቸው ሲሉ «አይሆንም» አለች። ሦስት ቀን ሥራ አቆመች፤ ልብሱም ተቀየረ። እሷ በትዕይንቱ ቆሻሻውን ሽርጥ አትለብስም ነበር። የቆመችው ለሌሎቹ ነው። ከዚያ በኋላ የሆሊውድ በር ተዘጋባት።

በ1948 ደግሞ ነጩ ኮከብ ጂን ኬሊ ከጥቁሮቹ ተወዛዋዦች ከኒኮላስ ወንድማማቾች ጋር በአንድ ፊልም ላይ ጎን ለጎን ጨፈረ። ይህኛው በቀላሉ ተቆርጦ የሚወጣ አልነበረም፤ የፊልሙ ኮከብ መሀላቸው አለ። በሜምፊስ ግን ኮከቡንም ጨምረው ቆረጡት።