የአገዳ ከሰልና የእበት ጋዝ፦ ከእርሻ ተረፈ ምርት ማገዶ ማዘጋጀት በሰሜን ሸዋ

ከእርሻ ተረፈ ምርት ማገዶ ማዘጋጀት ማለት እህሉ ከተወቃ ወይም ከተሸለቀቀ በኋላ የሚቀረውን አገዳ፣ ቆረቆንዳና ገለባ ወደ ከሰል ወይም ወደ ጋዝ መለወጥ ነው። በሰሜን ሸዋ ሥራው የሚጀምረው አንድ ነገር ከመለየት ነው፤ የትኛው ተረፈ ምርት በእርግጥ ትርፍ ነው? የጅሩ ገበሬ የስንዴና የጤፍ ጭዱን ከምሮ የሚጠብቀው ሰንጋ ሊያደልብበት ነው። የምንጃር የጤፍ ጭድ ከብትም ይበላዋል፣ ለቤት ጭቃም ይቦካል። የመንዝ የገብስ ገለባ የበጋ መኖ ነው። ይህን ሁሉ ለማገዶ ማዋል ከከብቱ አፍ መንጠቅ ነውና አያዋጣም።

ትርፉ ያለው ቆላው ላይ ነው። በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ ዙሪያና በጀማ ሸለቆ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ከብቱ ቅጠሉንና ለስላሳውን ጫፍ ይበላል፤ ወፍራሙና እንጨት የሆነው የአገዳው ግርጌ ግን ይቀራል። ከሰል የሚወጣውም ከዚሁ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ አገዳ ቆርቁር የተባለው ተባይ በጋውን የሚያሳልፈው ትል ሆኖ፣ በቆመና በወደቀ አገዳ ውስጥ ተደብቆ ነው። የተበሳሳውን አገዳ ክረምት ሳይገባ ማክሰል ለሚቀጥለው ዘር የሚተርፈውን ተባይ ይቀንሳል። የበቆሎ ቆረቆንዳ ከተገኘ ከአገዳ ይበልጣል፤ ጠጣር ስለሆነ ከሰሉም ጠንካራ ነው።

ለማክሰል 200 ሊትር የሚይዝ ባዶ በርሜል ይበቃል። ክዳኑ ተቆርጦ ይነሣና እንደገና እንዲከደን ሆኖ ይስተካከላል፤ ታቹ ላይ ጣት የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በርሜሉ በሦስት ጉልቻ ላይ ይቆማል፣ መካከሉ ላይ አንድ ወፍራም ዱላ ይተከላል፣ አገዳው በክንድ ቁመት ተቆራርጦ ዙሪያውን ይሞላል። ከዚያ ዱላው ሲመዘዝ የአየር መንገድ ይቀራል። እሳቱ ከታች በደረቅ ሣር ይለኮሳል።

ከዚህ በኋላ የሚታየው ጢሱ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭና ወፍራም ጢስ ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ቢጫ ቀለም ያለውና ዓይን የሚያቃጥል ይመጣል፤ ጢሱ ሲሳሳና ሰማያዊ መምሰል ሲጀምር ጊዜው ደርሷል። አገዳው ደረቅ ከሆነ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ያን ጊዜ ክዳኑ ይደፋል፣ ጉልቻዎቹ ይነሣሉ፣ ግርጌውም የክዳኑም ዙሪያ በእርጥብ ጭቃ ይመረጋል። ጢስ የሚያመልጥበት ስንጥቅ ካለ አየርም ይገባበታል፤ ጠዋት የሚገኘው አመድ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳይነካ መቆየት አለበት፤ ማሳደር ይሻላል። ትኩስ እያለ ቢከፈት ከሰሉ እንደገና ይነዳል። ቀድሞ ከተከደነ ደግሞ ቡናማ ሆኖ የቀረው ክፍል ምድጃ ላይ ይጨሳልና ተለይቶ ለሚቀጥለው ዙር ይቀመጣል። በደንብ ከተሠራ ከ100 ኪሎ ግራም ደረቅ አገዳ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ከሰል ይገኛል።

የአገዳ ከሰል ቀላልና ተሰባሪ ስለሆነ እንዳለ ቢነድ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶ ይጨመቃል። ለ10 ኪሎ ግራም የከሰል ዱቄት ግማሽ ኪሎ ግራም የእህል ዱቄት በ5 ሊትር ገደማ ውሃ እንደ ቀጭን ገንፎ ይበስላል። ለዚህ የሚበላ ዱቄት ማባከን አይገባም፤ የወፍጮ ቤት ጥራጊ ይበቃል። ሸክላ አፈርም ያጣብቃል፤ ሲበዛ ግን እሳቱን ያደክማል፣ አመዱን ያበዛል። ልውሱ ሲጨበጥ ቅርጹን ከያዘና በጣቶች መካከል ውሃ ካልወጣ ልኩ ነው። በቱቦ ቅርጽ ወይም እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ባለው ቅርጽ ይጨመቃል። በቆላው ፀሐይ የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ውስጥ መዋል አለበት፤ ላዩ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከ3 እስከ 5 ቀን ደርቆ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲጣል ካልተሰበረ ለገበያ ደርሷል።

ይህ ከሰል ከእንጨት ከሰል የበለጠ አመድ አለው፣ ሙቀቱም ዝቅ ይላል፤ ግን በዝግታ ስለሚነድ ወጥ ለማንተክተክና ለቡና ምቹ ነው። ጢስ የለውም ተብሎ መኝታ ቤት ማስገባት ግን ሕይወት ያጠፋል። ገዳዩ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ በርና መስኮት ተዘግቶ ሲታደር ነው የሚገድለው።

አገዳን ወደ ኢታኖል፣ ማለትም ለነዳጅ ወደሚሆን አልኮል፣ መለወጥ በገበሬ ቤት የሚሞከር አይደለም። እርሾ ስኳር እንጂ የአገዳን እንጨት አይበላም፤ በአሲድ ወይም በኢንዛይም መፍታት ያስፈልጋል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የጀመረው ኢታኖል የተገኘው ከሞላሰስ፣ ማለትም ስኳር ፋብሪካ ስኳሩን ካወጣ በኋላ ከሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ ነው።

ደጋው ላይ የሚያዋጣው ባዮጋዝ፣ ማለትም እበት አየር በሌለበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሚነደው እበት ራሱ ነው። ኩበት ሲነድ ለመሬቱ መመለስ የነበረበት ፍግ አመድ ሆኖ ይቀራል፤ ከባዮጋዝ ጉድጓድ ግን ጋዙ ለምድጃ፣ ዝቃጩ ለማሳ ይወጣል። በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የተስፋፋው «ስንዱ» የተባለው በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር ጉልላት ነው። 6 ሜትር ኩብ የሚይዘው በቀን 40 ኪሎ ግራም ያህል ትኩስ እበት ከእኩል ውሃ ጋር ይፈልጋል፤ ይህ ማታ በረት የሚያድሩ አራት ከብቶች የሚሰጡት ነው። በሞቃት ቦታ ይህ ወደ 1.6 ሜትር ኩብ ጋዝ ያወጣል፤ አንድ ምድጃ ለአራት ሰዓት ገደማ ያነዳል። ለወጥና ለቡና ይበቃል፤ ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ ለማሞቅ ግን ተራው የጋዝ ምድጃ አቅም ያንሰዋል።

ገለባ መጨመር የሚፈልግ ከእበቱ ሩብ ሳያሳልፍ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ቆራርጦና ለቀናት ነክሮ ነው። ረጅም ጭድ ላዩ ላይ ተንሳፎ ቅርፊት ይሠራል፣ ጋዙን ያፍናል። ሌላው ችግር ብርዱ ነው። ጋዝ የሚያመርቱት ተሕዋስያን ከ30 ዲግሪ በላይ ይወዳሉ፤ ከ15 በታች እየደከሙ ይሄዳሉ። ስለዚህ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጉልላቱ ፀሐይ በሚያገኘው ወገን ይቆፈራል፣ ላዩ በብስባሽና በገለባ ይሸፈናል፣ የሚጨመረው ውሃ ፀሐይ ላይ ይውላል። በእነዋሪ አካባቢ ደግሞ መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር በጋ ሲሰነጠቅና ክረምት ሲያብጥ ጉልላቱን ሊሰብር ስለሚችል፣ ዙሪያው በጠጠርና በሌላ አፈር መሞላት አለበት።

መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አይነድም፤ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይለቀቃል እንጂ ጉድጓዱ ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ እበት አይደፋበትም። ሰማያዊ ነበልባል ሲይዝ እበትና ውሃ በየቀኑ መጨመር ይጀመራል። የሚወጣው ዝቃጭ ጥላ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከእብቅና ከገለባ ጥራጊ ጋር ይደራረባል፤ በፀሐይ ተሰጥቶ ከደረቀ ናይትሮጂኑ በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ያመልጣል።