የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂዎችን አነጻጽሮ ማድመጥ

አነጻጽሮ ማድመጥ፣ የተለያዩ ተጫዋቾች፣ ዘፋኞች ወይም የኦርኬስትራ መሪዎች አንድን የክላሲካል ሙዚቃ ሥራ ያስቀረጹባቸውን ቅጂዎች ጎን ለጎን እየሰሙ፣ አጨዋወቱ የቱ ላይ እንደሚለያይና ልዩነቱ ለሥራው ምን መልክ እንደሚሰጠው የመመርመር ልማድ ነው። ደራሲው በኖታ የሚያሰፍረው የድምፆቹን ከፍታና ርዝመት፣ እንዲሁም የት ጎላ የት ለስለስ እንደሚባል ነው፤ ለስለስ የተባለው ምን ያህል እንደሚለሰልስና በሁለት ሐረጎች መካከል ትንፋሽ ይወሰድ እንደሆነ ግን በአብዛኛው ለተጫዋቹ የተተወ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የሰማ አድማጭ የደራሲውን ድርሻ ከተጫዋቹ ድርሻ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ሁለተኛውን ሲሰማ ግን የሥራው አካል የመሰለው ነገር የአንድ ሰው ውሳኔ እንደነበረ ይገለጥለታል።

የሸክላው ዘመን

ቶማስ ኤዲሰን ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከአሥር ዓመት በኋላ ኤሚል በርሊነር በሲሊንደሩ ፈንታ ጠፍጣፋውን ሸክላ ይዞ መጣ። ሸክላው ከአንድ ማተሚያ በብዛት ሊባዛ ስለሚችል፣ አንዱን አጨዋወት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች በየቤታቸው ደጋግመው እንዲሰሙት አስቻለ።

በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ማይክሮፎን አልነበረም። ተጫዋቾቹ በአንድ ትልቅ መለከት አፍ ፊት ተጠጋግተው ይጫወታሉ፤ የድምፁ ግፊት መርፌውን እያነቃነቀ በሰም ላይ ይጻፋል። የኦርኬስትራ መሪው አርቱር ኒኪሽ በ1913 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ያስቀረጸው በዚህ መንገድ ነበር። ቅጂው በእርግጥ ጭጋጋማ ነው፤ ሆኖም ኒኪሽ ፍጥነቱን እንደ ተናጋሪ ሰው እየለዋወጠ ሐረጉን ሲስበውና ሲለቀው በግልጽ ይሰማል።

በ1925 የኤሌክትሪክ ቀረጻ ለንግድ ሲውል የኦርኬስትራው ስፋት ተሻለ፤ የሸክላው አንድ ገጽ ግን አሁንም የሚይዘው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ቆርጦ መቀጠል ስለማይቻል እያንዳንዱ ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ መጫወት ነበረበት፤ ስህተት ከተፈጠረ ወይ ይታለፋል፣ ወይ ገጹ እንደ አዲስ ይቀረጻል። ፒያኒስቱ አርቱር ሽናቤል ከ1932 እስከ 1935 ለንደን ውስጥ 32ቱን የቤትሆቨን የፒያኖ ሶናታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ያስቀረጸው በዚህ ሁኔታ ነው። ከእነዚሁ አንዱ በሆነው በሐመርክላቪየር ሶናታ መዝጊያ ፉግ (አንድ ዜማ በተለያዩ ድምፆች እየተከታተለ የሚገባበት አሠራር) ላይ ጣቶቹ ኖታ ሲስቱ ይሰማል፤ ነገር ግን የሙዚቃውን አሳብ እስከ ጫፍ የሚከተል ሰው መሆኑ ከዚያ በላይ ይሰማል፤ ከእርሱ በኋላ እንከን የለሽ ሆነው የተቀረጹ ብዙ ቅጂዎችም ይህን አላገኙትም። የባክን ስድስት የቼሎ ስዊቶች ለብዙ አድማጭ ያስተዋወቀው የቼሎ ተጫዋቹ የፓብሎ ካሳልስ ቅጂም ከ1936 እስከ 1939 የተሠራ የዚሁ ዘመን ፍሬ ነው።

ረጅሙ ሸክላና ሁለቱ ጎልድበርጎች

በ1948 የአሜሪካው የሸክላ ኩባንያ ኮሎምቢያ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ ለገበያ አቀረበ። አንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ ስለሚይዝ ሲምፎኒ ሳይቆራረጥ መስማት ተቻለ። ቀረጻው በማግኔት ቴፕ መሆኑም ከተለያዩ ሙከራዎች የተሻለውን መርጦ ማያያዝን አመጣ፤ በ1958 ደግሞ የስቴሪዮ ሸክላ ተከተለ።

ለማነጻጸር ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ምሳሌ የተገኘው በዚህ ዘመን ሲሆን፣ እርሱም የካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ነው። የባክ ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ በአንድ አሪያ (ዜማ መሰል አጭር ክፍል) ይጀምራል፣ በዚያው አሪያ የባስ መስመር ላይ የተሠሩ 30 ቫሪዬሽኖች (መልካቸው እየተለዋወጠ የሚቀርቡ ክፍሎች) ይከተላሉ፣ በመጨረሻም አሪያው ይመለሳል። ጉልድ ይህን ሥራ በ1955፣ በ22 ዓመቱ፣ ኒው ዮርክ 30ኛ ጎዳና በሚገኘው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ አስቀረጸው። ከ26 ዓመት በኋላ በ1981 ወደዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ እንደገና ተጫወተው። የመጀመሪያው ቅጂ 38 ደቂቃ ያህል፣ ሁለተኛው 51 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በ1955 የመክፈቻው አሪያ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤ በ1981 ከሦስት ደቂቃ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ኖታም ተመዝኖ የተቀመጠ ይመስላል። በሁለቱም ጉልድ እየተጫወተ ሲያንጎራጉር ይሰማል።

ይሁን እንጂ የሰዓቱን ልዩነት በሙሉ ለዝግታ መስጠት ስህተት ነው። በ1955 የባክን የድግግሞሽ ምልክቶች ሁሉ አልፏቸዋል፤ በ1981 ግን በተወሰኑ ቫሪዬሽኖች የመጀመሪያውን አጋማሽ ሁለት ጊዜ ይጫወታል። አንዳንዶቹ ቫሪዬሽኖች በሁለተኛውም ቅጂ ፈጣን ናቸው። የተለወጠው ዋና ነገር ቫሪዬሽኖቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት መንገድ ነው፤ በሁለተኛው ቅጂ የአንዱ ፍጥነት ከቀዳሚው ምት እየተቀዳ ሥራው እንደ አንድ ጉዞ ይያያዛል። ጉልድ ሁለተኛው ቅጂ ለሽያጭ በቀረበ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1982 አረፈ። ወጣቱን የሚመርጡም ጎልማሳውን የሚመርጡም አሉ፤ ሁለቱን በአንድ ምሽት የሰማ ግን አንዱን ብቻ ይዞ መቅረት ያስቸግረዋል።

በዚሁ 1982 የመጀመሪያዎቹ ሲዲዎች ወጡ። የሲዲው ርዝመት 74 ደቂቃ የሆነው የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ በአንድ ገጽ እንዲይዝ ተብሎ ነው የሚለው ታሪክ በሰፊው ይነገራል፤ ከሠሪዎቹ መካከል ግን የተቃወሙት አሉ።

ስለ ፍጥነት የማያባራው ክርክር

ቤትሆቨን ለሲምፎኒዎቹ የሜትሮኖም (የሙዚቃን ምት የሚለካ መሣሪያ) ቁጥሮችን ትቷል፤ ለአምስተኛው የመጀመሪያ ክፍል በደቂቃ 108 ምት የሚል ሲሆን፣ ብዙ መሪዎች ከዚህ በታች ሄደዋል። ሜትሮኖሙ ተበላሽቶ ነበር የሚሉ አሉ፤ በ1980ዎቹ በቤትሆቨን ጊዜ የነበሩትን ዓይነት የሙዚቃ መሣሪያዎች ይዘው የተነሡት እነ የኦርኬስትራ መሪው ሮጀር ኖሪንግተን ግን ቁጥሮቹን በአብዛኛው እንዳሉ ወስደዋቸዋል። በማህለር አምስተኛ ሲምፎኒ ውስጥ ባለው አዳጄቶ በተባለው ዝግ ያለ ክፍል ላይ ግን ጉዳዩ ግልጽ ነው። ማህለርን በአካል የሚያውቁት የኦርኬስትራ መሪዎች ቪለም ሜንገልበርግ በ1926፣ ብሩኖ ቫልተር በ1938 ያስቀረጹት ከሰባት እስከ ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ 11፣ 12፣ አልፎ አልፎም 14 ደቂቃ የሚጠጉ ቅጂዎች ተሠርተዋል። የፍቅር ዜማ የነበረው ሙዚቃ ቀስ በቀስ የኀዘን ዜማ ሆኗል፤ የማህለር አሳብ ከቀድሞዎቹ ጋር እንደነበረ መጠራጠር ይከብዳል።

ዘዴውና ወጥመዶቹ

ልምድ ያላቸው አድማጮች ሙሉውን ሥራ አከታትለው ከመስማት ይልቅ የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ክፍል ይመርጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ሽግግር ያለበትን፣ ለምሳሌ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው የሚታለፍበትን። ሲቻል ኖታውን ይዘው ይከተላሉ። ከሁሉ በፊት የድምፁን መጠን ያስተካክላሉ፤ ምክንያቱም ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰማው ቅጂ፣ ጆሮ ከፍታውን ሳያስተውለው፣ የተሻለ መስሎ ይታያል። ከ1923 ጀምሮ የሚታተመው ግራሞፎን መጽሔትና ከ1957 ጀምሮ በቢቢሲ ራዲዮ የሚተላለፈው የቅጂዎች ግምገማ ዝግጅት ይህን ልማድ ለብዙ ትውልድ አስተምረዋል።

ከባዱ ወጥመድ ግን በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ነው። እንግሊዛዊቷ ፒያኒስት ጆይስ ሃቶ በሕይወቷ መጨረሻ አካባቢ ከመቶ በላይ ሲዲዎች በስሟ ወጥተው ከሐያስያን ከፍ ያለ ምስጋና አግኝተው ነበር። በ2007፣ እርሷ ካረፈች በኋላ፣ አንድ አድማጭ በስሟ የወጣውን የሊስት ኤቱዶች (የልምምድ ድርሰቶች) ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያስገባው፣ የክፍሎቹን ርዝመት ከመረጃ ቋት ጋር የሚያመሳክረው ፕሮግራም የሌላ ፒያኒስት፣ የላስሎ ሲሞንን ስም አወጣ። ምርመራው ሲቀጥል ቅጂዎቹ የሌሎች ፒያኒስቶች ሆነው ተገኙ፤ አንዳንዶቹም እንዳይታወቁ ፍጥነታቸው ተቀይሮ ነበር። ሲዲዎቹን ያወጣው ባሏም ድርጊቱን አመነ። ስለዚህ በቁም ነገር የሚያነጻጽሩ ሰዎች ሌላ ሰው ቅጂዎቹን እንዲያጫውትላቸው ያደርጋሉ፤ የሰሙትን በወረቀት ላይ ካሰፈሩ በኋላ ብቻ ማን እንደተጫወተው ይጠይቃሉ።