የጉዞ ሕክምና ምንድን ነው? «እንዴት አደርክ» እና «የት አደርክ»

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ደሴ ጤና ጣቢያ ገባ እንበል። ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ሚሌ አድሯል፣ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ገብቷል፣ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ደርሷል። ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። «ምን ሆንክ ወንድሜ?» ስትለው ነርሷ፣ «ብርዳችሁ ነው ሲስተር፣ ከቆላ ስወጣ መታኝ» ይላታል። የጦሳ ተራራ ነፋስ እንግዳ እንደማይምር እሷም ታውቃለች። የራስ ምታት መድኃኒት ሰጥታ፣ ትኩስ ነገር ጠጣበት ብላ ብትሸኘው ማን ይፈርድባታል?

የጉዞ ሕክምና የሚባለው ሙያ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ለሚሄደው «ወዴት ነህ?»፣ ለተመለሰው ደግሞ «የት ነበርክ?» ብሎ ጠይቆ፣ በመልሱ መሠረት በሽታን አስቀድሞ መከላከል ወይም ቶሎ መለየት ነው። ክትባቱ፣ ኪኒኑ፣ አጎበሩ ሁሉ ከጥያቄው በኋላ የሚመጣ ነው።

ስሙን ሲሰሙ ብዙዎች የሚታያቸው ካሜራ ያንጠለጠለ ቱሪስት ነው። አይፈረድባቸውም፤ ሙያው ያደገው በዚያው በኩል ነው። የዓለም አቀፉ የጉዞ ሕክምና ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ከ2003 ጀምሮ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለነርስና ለፋርማሲስትም ክፍት የሆነ የሙያ ብቃት ፈተና ይሰጣል። በእንግሊዝ አገር ተጓዡን በአብዛኛው የምታማክረውም የምትከትበውም ነርስ ናት። የኛ አገር ተጓዥ ግን ሌላ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የሚወርደው ገበሬ፣ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅ፣ ሐጅ የሚሄዱት እናት ናቸው።

ተጓዥ ለመባል ድንበር መሻገርም ግድ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአገራችን ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በተለምዶ ወባማ ተብሎ ሲመደብ ኖሯል። እንግዲህ መስመሩ የሚያልፈው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው ማለት ነው። ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው በቀን ሁለቴ ይሻገረዋል። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ የት ዋልክ ከሚለው ይልቅ የት አደርክ የሚለው ይበልጣል። እኛ «እንዴት አደርክ» ማለት አይታክተንም፤ «የት አደርክ» ማለት ግን እንደ ነገር ፍለጋ ይቆጠርብናል። ነርሶችን ለዚህ ሙያ ማሠልጠን ከባድ የሚሆነው ይመስለኛል እዚህ ላይ ነው። ሰው ሳያስቀይሙ ይህን መጠየቅ ልምምድ ይፈልጋል።

ወደ ሾፌሩ እንመለስ። ሚሌ ያደረው ከትናንት ወዲያ ነው። የሠለጠነች ነርስ «ሚሌ? በቃ ወባ ነው» ብላ አትቆምም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከተነከሱ በኋላ ትኩሳት እስኪያመጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ የከትናንት ወዲያዋ ትንኝ ነፃ ናት፤ «ከዚያ በፊትስ መቼ ወርደህ ነበር?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ቫይቫክስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ተንኮለኛ ነው፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ወራት ይቆይና ይነሳል። በኅዳር ከመተማ የተመለሰ አጫጅ በሚያዝያ ትኩሳት ቢነሳበት ጉዞውን እሱ ራሱ ረስቶታል፤ ካልጠየቁት አይናገርም። ትኩሳቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ሰውነቱ ከከሳና ጣፊያው ካበጠ ደግሞ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ የታየውን የካላዛር ወረርሽኝ ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀሩ ይታመናል።

«ጅቡቲ እኮ ከተማ ነው፣ ወባ የገጠር ነው» የሚል ሾፌርም አይጠፋም። ድሮ ቢሆን ልክ ነበር። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስመዘገበችው የወባ ሕሙማን ቁጥር 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። በመካከሉ የገባችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ በበርሜልና በሮቶ ውኃ የምትራባ የከተማ ትንኝ ናት። በኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ተገኝታለች።

የመሄጃው ወገን ሌላ ጣጣ አለው። በሥልጠናው ልምምድ ላይ አንዷ ነርስ ሐጅ የሚሄዱ እናት ሆና ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ታማክራለች።

«እማማ፣ ካርድዎን ይዘዋል?»

«ይዣለሁ ልጄ። የወባውን ተወግቻለሁ፤ ከእንግዲህ ወባ አያገኘኝም።»

ክፍሉ ይስቃል፤ ግን የእማማ ስህተት የስሙ ስህተት ነው። ቢጫ ወባ ወባ አይደለም። ቢጫ ወባ በቫይረስ ይመጣል፣ ወባ በጥገኛ ተውሳክ ነው፤ የአንዱ ክትባት ከሌላው አያድንም። ስሙን ያወጣልን ሰው ብዙ ሥራ ጨመረብን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መሥራት የሚጀምረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለሐጅ የሚጠየቀው የማጅራት ገትር ክትባትም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሐጅ ጋር ተያይዞ የተነሳው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቶ ነበር። አማካሪዋ በክትባቱ ካቆመች ግን ሥራዋን በግማሽ ትታለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ላይ በብርቱ ሙቀት ከ1,300 በላይ ሰው ሞቷል። የደሴን ብርድ ለለመዱ እናት ጥላና ውኃ እንደ መድኃኒት ሊነገራቸው ይገባል። የደም ግፊታቸው ኪኒን ለመመለሻውም ጭምር ተቆጥሮ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ሻንጣው ከጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ «ሜዲካል አልፌያለሁ» ትላለች። ያ ምርመራ የሚደረገው ለአሠሪው ነው፤ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ እርግዝና አለባት ወይ ብሎ ያጣራል። እሷን እዚያ ምን እንደሚገጥማት፣ ብትታመም ምን እንደምታደርግ የሚነግራት የለም። የጉዞ ሕክምና የሚጀምረው ሜዲካሉ ካቆመበት ነው።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ክፍል መክፈት ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። አንድ ከፍታ የተጻፈበት ካርታ፣ የየበሽታው የመታቀፊያ ጊዜ (ከተያዙ እስከሚታመሙ ያለው ጊዜ) የተዘረዘረበት አንድ ገጽ፣ ጥቂት የልምምድ ሰዓታት ይበቃሉ። የሕሙማን ካርድ ላይ «አድራሻ» የሚል መስመር አለ፤ የሾፌሩ «ደሴ» ይላል። ነርሷ ከጎኑ በእስክሪብቶ «ሚሌ፣ ጅቡቲ» ብትጽፍ ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ደም ሳያስመረምር አይለቀውም።

ደሙ ታይቶ ፋልሲፓረም ተገኘ። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን፣ ምግብ በልቶ።

«ሲስተር፣ ሐሙስ ጭነት አለብኝ።»

«ወዴት?»

«ጅቡቲ።»

ካርዱን እንደገና ሳበችው። «ጋቢናው ውስጥ ነው የምትተኛው ወይስ ውጭ?»