«የዓይን ቀለም ሙከራ» ምንድን ነው? ሙከራስ ነው?

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ የአሜሪካዊቷን መምህርት የጄን ኤሊየትን የዓይን ቀለም ትምህርት «ዘረኝነት እንዴት እንደሚፈጠር ያረጋገጠ ሳይንሳዊ ሙከራ» ሲለው አነበብኩ። ስንተኛው ጸሐፊ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግስት፣ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በምትገኘው ትንሽ ከተማ በራይስቪል መምህርቷ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸውን በዓይን ቀለም ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን ብልህ ተባለ፣ ረዘም ያለ እረፍትም አገኘ፤ ሌላው ተዋረደ። ቆይቶ ቦታ ተቀያየሩ።

ቋንቋችን ለስህተቱ ይመቻል፤ መሞከርም ሙከራ፣ በቤተ ሙከራ የሚሠራውም ሙከራ ነው። ሳይንሳዊው ግን ማነጻጸሪያ ቡድንና መለኪያ ይፈልጋል። በራይስቪል ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ኤሊየት ራሳቸው «ልምምድ» ነው የሚሉት። ሙከራ ማየት የፈለገ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፌል በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ የሠሩትን ይመልከት፤ ልጆቹ በሥዕል ምርጫቸው እንደተመደቡ ተነግሯቸው፣ ማንነታቸው ላልተነገራቸው ልጆች ነጥብ ሲያከፋፍሉ ለራሳቸው ወገን አደሉ። ለዚህ ግኝት ማንም ልጅ አላለቀሰም።

«ልጆች ምሬቱን ካልቀመሱት አይገባቸውም» ይላል ጸሐፊው። እሺ፣ ኮሶም መራራ ነው። ነገር ግን ትሉን የሚያስወጣው ምሬቱ ሳይሆን በአበባው ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ካለፈ ደግሞ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። የሚጠጣውም ትል ያለበት ሰው እንጂ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ተሰልፎ አይጋትም። የተሻለው ሰው እንኳ ጥሬ ሥጋውን ከቀጠለ ትሉ ይመለስበታል።

በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ተደግሞ ሲጠና የተገኘው የአመለካከት ለውጥ መጠነኛ ነው። የራይስቪል ልጆች አድገው ሲሰባሰቡ «ጠቅሞናል» ማለታቸው እውነት ነው፤ በጥናት ሥራ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ያልመጡት ምን ይሉ ነበር የሚለው ነው። ደግሞም የኮሌጅ ተማሪ «በቃኝ» ብሎ ይወጣል። የስምንት ዓመት ልጅ ከመምህሯ ፊት ተነሥታ ወዴት ትሄዳለች?

ራይስቪል የነጮች ከተማ ነበረች። ዛሬ ይህን በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ የሚደግም መምህር ክፍል ውስጥ የእኛም ልጅ ትኖራለች፤ ዓይኗ ቡናማ ነው፣ ከየትኛው ወገን እንደምትመደብ መገመት አያቅትም። ሌሎቹ ለአንድ ቀን የሚማሩትን እሷ በአውቶቡሱ ላይ አውቃው መጥታ ሊሆን ይችላል።

ለሙዚየም ጉብኝት የወላጅ ፊርማ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ለዚህ ካልጠየቀ፣ እኔ ብሆን ልጄን ያን ቀን ቤት አስቀራታለሁ።