ቲቢን ከደረት ራጅ የሚለዩ ሶፍትዌሮች ትክክለኛነት እንዴት ይመዘናል?

የደረት ራጅ አይተው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ምልክት የሚፈልጉ ሶፍትዌሮች ከምርምር አልፈው ሥራ ላይ ውለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሚደረግ ልየታ ዲጂታል ራጁን በባለሙያ ምትክ ሶፍትዌር ሊያነበው እንደሚችል ገልጿል። ድርጅቱ ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናትና ነገሩ እኛንም በቀጥታ ይመለከታል።

ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ራጅ የሚሰጠው ነጥብ ነው፤ ለምሳሌ ከ0 እስከ 100። ከስንት በላይ ያገኘ ሰው አክታው ይመርመር የሚለውን የሚወስኑት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። መቁረጫ ነጥቡ ዝቅ ሲል የሚያመልጥ ሕመምተኛ ይቀንሳል፣ በከንቱ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክ ጤነኛ ግን ይበዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለእንዲህ ያለ የልየታ ምርመራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ከሕመምተኞች 90 በመቶውን ማግኘት፣ ከጤነኞች ደግሞ 70 በመቶውን ነጻ ማለት ነበር። እስቲ በቁጥር እንየው። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ ቲቢ ቢኖርባቸው 9ኙ ይገኛሉ፣ አንዱ ያመልጣል። ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 297ቱ ይጠረጠራሉ። አክታ ከሚሰጡት 306 ሰዎች በሽታው ያለባቸው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው ማለት ነው። በአንጻሩ ሁሉንም ሰው በጅምላ "ጤነኛ" የሚል ፕሮግራም አንድም ሕመምተኛ ሳያገኝ 99 በመቶ ትክክል ይሆናል። ስለዚህ "99 በመቶ ትክክል" የሚል አኃዝ ብቻውን ሲቀርብ ማንም ሊቀበለው አይገባም።

ከሁሉ በላይ መጠየቅ ያለበት ግን ውጤቱ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ነው። ማመሳከሪያው የራጅ ሐኪም አስተያየት ከሆነ የሚለካው ከሐኪሙ ጋር መስማማቱ እንጂ በሽታውን ማግኘቱ አይደለም። ጠንካራው ማመሳከሪያ የአክታ ከልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ማየት) ወይም የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርትን የመሰለ ምርመራ ነው፤ እሱም ሶፍትዌሩ ለጠረጠራቸው ብቻ ሳይሆን ነጻ ላላቸውም መደረግ አለበት። አለዚያ ያመለጡት ሰዎች ጭራሽ አይቆጠሩም።

በዳካ፣ ባንግላዴሽ የተሰበሰበ መረጃን ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ይህን አሟልቷል። 23,954 ሰዎች ሁሉም ራጅ ተነሥተው በጂን ኤክስፐርት ተመርምረዋል። የተፈተኑት አምስት ሶፍትዌሮች ከአገሪቱ የራጅ ሐኪሞች የተሻለ ውጤት አመጡ። ነገር ግን በአረጋውያንና ቀድሞ ቲቢ ታመው በነበሩ ሰዎች ላይ ብቃታቸው ቀንሷል። የዳነ ቲቢም ሳንባ ላይ ጠባሳ ትቶ ስለሚያልፍ አሮጌውን ምልክት ከአዲሱ መለየት ይከብዳል።

ሌላው ችግር ሶፍትዌሩ የተማረበትና የተፈተነበት ራጅ ከአንድ ቦታ መምጣቱ ነው። በአሜሪካ የሳንባ ምች ራጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የተፈተነው ሶፍትዌር ራጁ ከየትኛው የሆስፒታል ሥርዓት እንደመጣ ያለ ስሕተት ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ መለየት ይችል ነበር። በሽታው በአንዱ ሆስፒታል ከሌላው በጣም የሚበዛ ከሆነ ይህን ማወቁ ብቻ ውጤቱን ያሳምረዋል።

በሌላ አገር የተመረጠ መቁረጫ ነጥብም እንዳለ አይወሰድም። የቲቢ ስርጭቱ፣ የኤችአይቪ ሁኔታው፣ የራጅ ማሽኑና ላቦራቶሪው በቀን የሚችለው የናሙና ብዛት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሶፍትዌሩ በአዲስ እትም ሲተካም የነጥብ አሰጣጡ ሊቀየር ስለሚችል መቁረጫው እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል።